የእትዬ ጥሩዬ ስልክ

ስልኩ የጮኸው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቀብሩ ማግስት ነው።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው አንኮበር የደረሱ ሴቶች ገና መግባታቸው ስለነበር አንዷ ደረቷን እየደቃች የሟቿን ስም ትጠራለች። የእድሩ ሰዎች ንፍሮ በሳህን ያዞራሉ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በድንኳኑ አፍ ይገባል፣ ይወጣል። ከሟቿ ፎቶግራፍ ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ስልክ ስትጮህ ግን ሁሉም ዞሮ አያት። ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ፣ የቁልፎቿ ቁጥር የተላጠ ስልክ ናት።

«ማን ነው?» አሉ መምሬ ወልደአረጋይ፣ የሟቿ ታላቅ ወንድም።

ስንታየሁ ጎንበስ ብሎ አየ። መስኮቷ ላይ «ልጄ» የሚል ይነበባል። ቃሉን ባለፈው ፋሲካ የጻፈላቸው እሱ ራሱ ነው።

«ፍቅርተ ናት» አለ።

ፍቅርተማርያም የእሱ ሚስት ናት፤ የሟቿ የእትዬ ጥሩዬ ብቸኛ ልጅ። ደብረ ብርሃን ቤቷ ተቀምጣ፣ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳ፣ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ቀን ትቆጥራለች። እናቷ ትናንት እንደተቀበሩ አታውቅም። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እሷ ብቻ አታውቅም።

«ወለተሐና፣ አንሺው» አሉ መምሬ ታናሽ እህታቸውን።

«እኔ?»

«ድምፅሽ ድምፅዋ ነው። አንሺው እንጂ፤ ዝም ካልን ትጠረጥራለች።»

ደረቷን የምትደቃውን ሴት አጠገቧ ያለችው በነጠላዋ አፏን ያዘቻት። ንፍሮ የሚያዞረው ሰውዬ ሳህኑን ይዞ ባለበት ቆመ። እትዬ ወለተሐና ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት ጣታቸው አነሡት። እትዬ ጥሩዬ ጆሯቸው ይከብድ ስለነበር የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ነው፤ የፍቅርተ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው።

«ሃሎ፣ እማዬ!»

«አቤት፣ የኔ እመቤት።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው። ይኼ የሰሞኑ ብርድ…»

«ታዲያ ነጭ ሽንኩርት በማር ብዪበት! ለእኔ ሲሆን መድኃኒቱ አያልቅብሽም።»

እትዬ ወለተሐና ሳቁ። ከየት አምጥተው እንደሳቁት እሳቸውም አያውቁም፤ ሳቁ ግን ቁርጥ የእህታቸው ነበር። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«የገንፎው እህልስ? ተፈጨ?»

«ተፈጭቷል።»

«መቼ ትመጫለሽ? እዚህ ብቻዬን ነኝ'ኮ። ስንታየሁን ፋብሪካው የበግ ፀጉር እንዲረከብ መዘዞ ልኮታል። እግሬ አብጦ ድፎ ዳቦ አክሏል፤ እሱን እያየሁ እውላለሁ።»

ስንታየሁ መሬት መሬት አየ።

«እመጣለሁ፤ ትንሽ ይሻለኝና።»

«እሺ በቃ፣ ተኚ። ደህና ዋይልኝ።»

«ደህና ዋይ፣ የኔ እመቤት» አሉ እትዬ ወለተሐና፤ ቀዩን ቁልፍ ፈልገው ተጫኑ፤ ስልኩንም በርጩማው ላይ መልሰው አስቀመጡ። እስኪያስቀምጡት ድረስ ደህና ነበሩ። ከዚያ ተንበረከኩ።

«በእህቴ አፍ ዋሸሁ! እህቴን አፈር አልብሼ በአፏ ሳቅሁ!»

የታፈነው ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሲበርድ ምሰሶውን ተደግፈው የተቀመጡት ጋሽ ጌጡ ለጎናቸው ሰው፣ «ሳቋን ስሰማ እኮ ጥሩዬ የገባች መስሎኝ፣ ቦታ ልለቅላት ብድግ ብዬ ነበር» አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

መምሬ ወልደአረጋይ ቆሙ። «ደግሜ እለምናለሁ» አሉ። «ፎቶ ያነሣችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ያላችሁ አፋችሁን ሰብስቡ። ልጅቷ በሰላም እስክትገላገል ድረስ ጥሩዬ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች።»

*

ስንታየሁ ከድንኳኑ ወጥቶ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ መምሬ ደውለው «ና፤ ለፍቅርተ ግን እንዳትነግር» ሲሉት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ አንድ የተበላሸ ማሽን ሥር ተኝቶ ነበር። እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ሄደ፤ ለሚስቱ ስለ መዘዞና ስለ በግ ፀጉር ዋሻት፤ ሹራቡን አንሥቶ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሻት ያኔ ነው። እንዴት እንደቀለለው ሲያስበው ነበር አንኮበር የደረሰው።

እትዬ ጥሩዬ ያን ቀን ጠዋት ገብሱን ይዘው ወፍጮ ቤት ሄደው ነበር። የአራስ ገንፎ እህል ነው፤ ለቅመው፣ አጥበው፣ አስጥተው፣ ራሳቸው ቆልተው ያዘጋጁት። ተሸክመው ተመለሱ፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መንፋት ጀመሩ። ግማሹን እንደነፉ «ወለተሐና፣ ደረቴን ያዝ አደረገኝ» አሉ፤ ግድግዳውን ተደገፉ፤ በዚያው ቀሩ። ወንፊቱ ዱቄት እንደያዘ አሁንም ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ለቀስተኛው ሁሉ ዙሪያውን ዞሮ ያልፋል እንጂ የሚነካው የለም።

ስንታየሁ እናቱን አያስታውስም። አባቱ ለሥራ ቆላ እንደወረደ አልተመለሰም፤ መዘዞ አጎቱ ቤት ነው ያደገው። ሠርጉ ላይ እትዬ ጥሩዬ በሰው ፊት ጉንጩን ይዘው «ይህን ወለድኩት፤ ያውም ሳላምጥ» ብለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ይላቸዋል። አሁን ግን ድንኳኑ ውስጥ የሚያጽናኑት «የአማችህን ነፍስ እግዚአብሔር ይማር» እያሉ ነው፤ እሱም «አሜን» ይላል። የሞተችው እናቴ ናት ብሎ ለማን ይናገራል?

የዛሬ ሁለት ወር እዚሁ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። የማገዶ እንጨት ሲፈልጥላቸው ውሎ፣ ሳያስበው አንድ ነገር ከአፉ ወጣ።

«እማማ፣ እኔ አባት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አይቼ አላውቅም።»

እትዬ ጥሩዬ ወደ በጎቹ ጉረኖ ሄዱ፤ እናቷ የሞተችባትን አንዲት ግልገል አቅፈው፣ በሌላ እጃቸው የፍቅርተን አሮጌ አንቀልባ ይዘው ተመለሱ።

«ዙር» አሉት።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዙር ብዬሃለሁ። ጎንበስ በል። አትፍራ፣ አትነክስህም።»

«እማማ፣ ሰው ያያል!»

«ይየኛ! ሰው ነው እንዴ ልጅህን የሚያዝልልህ? ልጄ የተጨናነቀች ቀን፣ እኔም ያመመኝ ቀን ማን አለ?»

«እርስዎ አይታመሙም።»

«እሺ፤ እስክታመም ተማር። ጠበቅ አድርገው። እንዲህ አይደለም፤ እግሯ ይታነቃል። አሁን ሂድ። ወዲያ ወዲህ በል።»

ስንታየሁ የኤሌክትሮ መካኒክ ዲፕሎማውን ይዞ፣ ግልገል አዝሎ በግቢው ተመላለሰ። እትዬ ወለተሐና ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አሉ።

«እሰይ! ስንታየሁ ወለደ! ምንድን ነው፣ ወንድ ነው ሴት?»

«በግ ናት!» አሉ እትዬ ጥሩዬ።

ግልገሏ ጀርባው ላይ ሸናችበት። «ይኼም ትምህርት ነው» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይኼኔ ከእንጨት ክምሩ ላይ ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ። እትዬ ጥሩዬ ከልጃቸው ጋር አውርተው ሲጨርሱ ስልኩን ሳይዘጉ እዚያ ጥለውት ኖሯል፤ ፍቅርተ ደብረ ብርሃን ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ ዛሬም አልዘጋሽውም!» ትላለች በሳቅ እየፈረሰች።

«አንቺ አለሽ አይደለም እንዴ የምትዘጊው? እኔ የቱን እንደምነካው አላውቅም።»

ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሹራቡ የበግ ሽንት ይሸት ነበር። ስለ አባትነት አንዲት ቃል አልነገሩትም። ሆኖም ቀሎት ነበር።

*

እሑድ ሣልስቱ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ በልቶ ሲበተን፣ መምሬ ወልደአረጋይ ስንታየሁን ወደ ጓዳው በር ጠሩት። እትዬ ወለተሐና ዱቄቱን በሁለት ከረጢት እያደረጉ ነበር፤ የተነፋውን በአንዱ፣ ያልተነፋውን በሌላው። አንቀልባውንም አጥፈው አጠገቡ አኑረውታል።

«ነገ ትሄዳለህ» አሉ መምሬ። «መዘዞ ላይ የአንኮበር ሰው አገኘሁ፣ እማማ ላኩልሽ በላት። ስትደውል ወለተሐና ታነሣለች። ስትወልድም ወለተሐና ትመጣለች፤ እናትሽ እግሯን አሟት ነው እንላለን። ከክርስትናው በኋላ፣ ልጁ ሲጠና፣ ሽማግሌ ይዤ ንጋት ላይ መጥቼ እኔው እነግራታለሁ።»

ስንታየሁ ቀኑን አሰበ። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ ሴት ከሆነች በሰማንያ። በዚያ ላይ የቀሩት ሦስት ሳምንታት አሉ።

«መምሬ፣ እኔ ልነግራት ነው።»

እትዬ ወለተሐና እጃቸው ከረጢቱ ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«አባቷን ያስታውሱ» አለ ስንታየሁ።

አባቷን ሁሉም ያስታውሳሉ። መሪጌታ ዘሥላሴ የሞቱት ፍቅርተ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዋ ሲቃረብ ነው። ትምህርቷ እንዳይበላሽ ተብሎ ተደበቃት፤ የደበቁትም እትዬ ጥሩዬ ራሳቸው ናቸው። ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠው፣ ልጃቸው ስትደውል «አባትሽ ማኅሌት ላይ ነው»፣ «አባትሽ አሁን ገና ተኛ» ይሉ ነበር። ስድሳ ሦስት ቀን። ፈተናው አለቀና ፍቅርተ የምርቃት ልብሷን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ይዛ መጣች፤ ለአባቷ ልታሳይ። ከመኪና ወርዳ ቁልቁለቱን ስትሄድ ሰላም የምትለው ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርባታል። ምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም። በር ላይ የእናቷን የተቆረጠ ፀጉር አየች፤ በቃ።

ይህን ለስንታየሁ የነገሩት እትዬ ጥሩዬ ነበሩ፤ ገንፎ እንዲያገነፋ ሲያስተምሩት፣ እሱ እያማሰለ እሳቸው ዱቄት እየጨመሩ። «አባቷን አላለቀሰችለትም» አሉት። «እኔን ተቆጥታ ዋለች፤ በቁጣ አለፈ። እኔም ብቻዬን አልቅሼ ጨርሼ ነበር። አብረን አንድ ቀን እንኳ አላለቀስንም። እስከ ዛሬ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ፀጉሬን ነው፤ አልተቆረጠም ወይ ብላ። ሁለተኛ አላደርገውም ልጄ። አማስል፣ ይጓጉልብሃል!»

«ሁለተኛ አላደርገውም ብለዋል» አለ ስንታየሁ አሁን፤ «ከአፋቸው ሰምቻለሁ። እኔንም ፍቅርተ ስንጋባ ያስማለችኝ ይህንኑ ነው። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።»

መምሬ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በመደቡ ጫፍ ተቀመጡ።

«ሚስቴን ታውቃታለህ» አሉ። «ለምን ልጅ እንደሌለን ግን ጠይቀህ አታውቅም፤ ጨዋ ስለሆንክ። አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ስምንት ወሯ ነው። ወንድሟ ቆላ፣ በረኸት ወረዳ ሞተ፤ መርዶውን እኔ ነኝ የነገርኳት። እንደ ወጉ፣ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ይዤ። ማታውን ምጧ መጣ። ልጁ አላደረም።» እጃቸውን አዩ። «ስም አውጥቼለት ነበር። ገብረመንፈስቅዱስ ልለው።»

ስንታየሁ ይህን አልጠበቀም። መምሬ ክፉ ቢሆኑ ይቀለው ነበር።

«ቃል ግባልኝ» አሉት።

«አልችልም መምሬ። እንዳልነግራት ቃል ብገባልዎ ልዋሽዎ ነው። እነግራታለሁ ብልዎም… እሱንም እንጃ። ፈራሁ።»

«ፍራ» አሉ መምሬ። «አባት ከሆንክ አሁን ፍራ።»

ስንታየሁ ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ለሠናይት ደወለ። ሠናይት የደብረ ብርሃን ጎረቤታቸው ናት፤ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ። ሁሉንም ነገራት።

«አይቻት ነበር ትናንት» አለች። «የደም ግፊቷን ለክቻለሁ፣ ደህና ነው። እግር በዚህ ወር ያብጣል።»

«ብነግራት ልጁ ይጎዳል?»

«አይጎዳም ብዬ ዋስትና አልሰጥህም፤ ድንጋጤ ደግ ነገር አይደለም። ግን ስማኝ፤ በየቀኑ የማየውን ልንገርህ። ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራው እናቷን ነው። ፍቅርተም ትጠራለች። ያኔ አጠገቧ ቆመህ ምን ልትላት ነው?»

ስንታየሁ የድንኳኑን ገመድ ያዘ።

«የምትነግራት ከሆነ ጠዋት ይሁን፤ ቁርሷን ትብላ፤ ተቀምጣ ትሁን። እኔ ነገ ማታ ነው ተረኛ፤ ጠዋት ቤት ነኝ። በሩ ላይ እሆናለሁ። የማትነግራት ከሆነ ደግሞ እኔን አታስዋሸኝ።»

*

ሰኞ ማለዳ መምሬ ሚኒባሱ ድረስ ሸኙት። ስንታየሁ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ነበር የለበሰው። ከረጢቶቹን ከወንበሩ ሥር አስገብቶ ሲዞር መምሬ ነጠላውን ከትከሻው ገፈፉት፤ አራገፉት፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መልሰው አለበሱት።

«ዘቅዝቀህ አትግባባት» አሉ። «በር ላይ አይታ አታውቀው። የምታደርገውን እግዚአብሔር ያሳይህ፤ ይህችን ብቻ እሺ በለኝ።»

«እሺ መምሬ።»

መንገዱ በጉም ውስጥ ነው የሚሄደው። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ከረጢቱን በእግራቸው ነካ አድርገው «ገብስ ነው? ይሸታል፤ ደግ አድርገው ቆልተውታል» አሉ። «አራስ አለችህ?»

«ልትወልድ ነው።»

«ኧረ እሰይ! ማርያም ትርዳት። አማችህ ናቸው ያዘጋጁልህ?»

«አዎ።»

«እድሜ ይስጣቸው!»

ስንታየሁ «አሜን» አለ። ቃሉ ሳያስበው እንደወጣ ሰማና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንዲህ ነው የሚሆነው ብሎ አሰበ። አንዱን ውሸት በልቶ ሳይጨርስ ሌላው ይቀርባል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅ ታቅፎ፣ እንኳን ደስ አለህ ሲሉት አሜን ይላል፤ ስልኩ ውስጥ እትዬ ወለተሐና ይስቃሉ። ልጁ የመጀመሪያ ቀኖቹን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያሳልፋል፤ ሁሉም የሚያውቀውን እናቱ ብቻ የማታውቅበት ቤት። ደግሞ ገብረመንፈስቅዱስ የተባለው፣ ያላደረው ልጅ ትዝ ይለዋል። ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ልነግራት ብሎ ቆረጠ፤ ሁለት ጊዜ ተወው።

ከባጃጅ ሲወርድ ሠናይት በሯ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። የታጠበውን ልብስ ሳፋ ውስጥ ትታ እጇን አደራረቀችና የእነሱ ግቢ በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠች።

ፍቅርተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሮጌ ነጠላ በመቀስ ትቆርጣለች፤ ለሽንት ጨርቅ። የቆረጠችውን እየደረበች አጥፋ ከጎኗ ከምራዋለች። እግሮቿ እውነትም ድፎ ዳቦ መስለዋል። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ከረጢቶቹን፤ ከዚያ አንቀልባውን።

«መጣህ» አለች።

«መጣሁ። ቁርስ በላሽ?»

«በልቻለሁ።»

የተዘጋጀው ውሸት አፉ ውስጥ ነበር። መዘዞ ላይ የአንኮበር ሰው አገኘሁ። ስድስት ቃል አይሞላም። እሷ መቀሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ዓይኗን ከፊቱ አላነሣችም። ስንታየሁ ከረጢቶቹን መሬት ላይ አኑሮ ከእግሯ ሥር ቁጢጥ አለ፤ ሁለት እጇን ያዘ።

«ፍቅርተ፣ መዘዞ አልሄድኩም። ዋሽቼሽ ነው። አንኮበር ነበርኩ።» እጆቿን ጠበቅ አደረገ። «እማማ ሐሙስ ዐረፉ። ዓርብ ቀበርናቸው።»

አልጮኸችም።

«ስንት ቀን ሆነ?» አለች።

«ከሐሙስ… አምስት።»

«አምስት» አለች፤ ራሷን በቀስታ እየነቀነቀች። «የአባቴ ስድሳ ሦስት ነበር።» ከዚያ አየችው። «ቅዳሜ ያነሣችው አክስቴ ናት።»

ስንታየሁ ደነገጠ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ዘጋችዋ! እማዬ መቼ ስልክ ዘግታ ታውቃለች? ደህና ዋይ ካለች በኋላ እኔ እኮ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ፤ ከዶሮዎቹ ጋር ስትጣላ፣ ለብቻዋ ስታጉረመርም። ቅዳሜ ቀጭ አለና ጸጥ። ወዲያው አወቅሁ፤ ግን አይደለም አልኩ። ጉንፋን ነው አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ለራሴ ዋሸሁ።» እጇን ከእጁ አላቀቀች። «ከዚያ ምን አልኩ፣ ስንታየሁ ይመጣል አልኩ። እሱም እንደነሱ ካደረገኝ፣ ይህን ልጅ ከማን ጋር ነው የማሳድገው አልኩ።»

ያልተነፋውን ከረጢት አየች፤ አፉ ተከፍቶ ነበር። እጇን ሰደደች፤ ሻካራውን ዱቄት በጣቶቿ መካከል አሸችው። «አልጨረሰችውም» አለች። ያኔ ለቅሶዋ መጣ። ከሆዷ በታች የተነሣ፣ ቤቱን የሚያናውጥ ለቅሶ ነው። ሠናይት ዘልላ ገባች፤ ከጀርባዋ ደግፋ ያዘቻት፤ «አልቅሺ፣ ተንፍሺ ግን፣ ከእኔ ጋር ተንፍሺ» እያለች። ስንታየሁም የሚያጽናና ቃል አጥቶ፣ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ አስደግፎ አብሮ አለቀሰ። ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሠናይት ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች። «ትንሽ ወጥቷል፤ ይወርዳል» አለች፤ «እዚሁ ነኝ። ከሰዓት እንደገና እናያለን።» የልጁን ልብ ምት በጆሮዋ ፈልጋ ስታገኘው ለሁለቱም በራሷ ምልክት ሰጠቻቸው።

ፍቅርተ ፊቷን በነጠላ ጫፍ ጠረገች። ስልኳን አነሣችና የእናቷን ቁጥር ደወለች። ብዙ ጠራ። ሲነሣ፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ዘመዶች ትንፋሻቸውን ሲውጡ ከዚህ ይሰማል።

«አቤት፣ የኔ እመቤት…» አለ በጉንፋን የሻከረ ድምፅ።

«አክስቴ» አለች ፍቅርተ። «ተዪው በቃ፤ አውቄያለሁ። ስንታየሁ ነግሮኛል። አሁን በራስሽ አፍ አልቅሺ።»

የእትዬ ወለተሐና ጩኸት መጣ፤ ተከትሎት የድንኳኑ ለቅሶ ሁሉ፤ ከለቅሶው መሃል የመምሬ ወልደአረጋይ ድምፅ «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ይላል።

«ደህና ነኝ፣ አባባ። ደህና ነን።»

ይበዛባታል ብሎ ስንታየሁ ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«አትዝጋው» አለችው።

ስልኩን ባልተነፋው ዱቄት ከረጢት ላይ አስቀመጠችው። የአንኮበር ለቅሶ ከዚያ እየወጣ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ወደ እሱ ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ ሆዷ አላስጠጋት አለ፤ እሱ ተጠጋላት። ነጠላውን ከትከሻው ላይ አነሣችው፤ ዳርና ዳሩን ይዛ ጥለቱን ፈለገች፤ መምሬ ወደ ታች ያዞሩትን ወደ ላይ ገልብጣ፣ በሁለት እጇ አንገቱ ላይ አለበሰችው።